የአንድ ሌሊት እንግዳ፦ የአዲስ አበባና የጆሐንስበርግ የትራንዚት አዳር ታሪክ

በጥንቱ የአገራችን ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል፤ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል። ጎሕ ሲቀድም ቤቱን መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። አገሩንና ዘሩን ሳይጠየቅ አድሮ የሄደ እንግዳ ቁጥር የለውም።

አውሮፕላን ከመጣ ወዲህ የዚህ አዳር ስሙ «ትራንዚት» ሆኗል። ደጁ የኢሚግሬሽን መስኮት፣ መደቡም የሆቴል አልጋ ወይም የብረት ወንበር ሆነ። «ይግቡ» ይባልበት በነበረው ቦታ ላይ «ወረቀትዎን ያሳዩ» የሚለው ቃል ገባ። ከአይቮሪ ፓርክ ወደ ኦሊቨር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህም በዚህ አካባቢ ከሚኖረው ወገን መካከል ወይ ራሱ በትራንዚት ያላደረ፣ ወይ በትራንዚት ያደረ ዘመድ ሊቀበል ያልሄደ ማግኘት ያስቸግራል። ብዙው ሰው ግን ያን ሌሊት እንደ ባከነ ጊዜ ነው የሚቆጥረው። እንቅልፍ የለም፤ ሥራ የለም፤ ዘመድ የለም።

ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። በአዲስ አበባና በጆሐንስበርግ መካከል ባለው የሰማይ መንገድ ላይ ከታደሩት ሌሊቶች መካከል የአንድ አገር ዕጣ የተንጠለጠለባቸው ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ሌሊትና ከእርሱ በፊትና በኋላ የነበሩትን ባጭሩ ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሌሊት የማይበርበት ዘመን

የአፍሪካ የአየር መንገድ ሲጀመር አዳር የጉዞው ዋና አካል ነበር። ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ በ1932 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከለንደን እስከ ኬፕታውን ፖስታ፣ በዚያው ዓመት ጥቂት ቆይቶም መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። ጉዞው 11 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። የጊዜው አውሮፕላን የሚበረው ቀን ቀን ብቻ ስለነበር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያርፋል፤ መንገደኛው በሆቴል ያድራል፤ ሲነጋጋ ይነሣል። ካይሮ፣ ካርቱም፣ ጁባ፣ ናይሮቢ፣ እምቤያ፣ ጆሐንስበርግ፣ እነዚህ ሁሉ የመንገዱ ማረፊያዎች ነበሩ። በታንጋኒካ ደጋ ላይ የምትገኘው እምቤያና በነጭና በጥቁር ዓባይ መገናኛ ላይ ያለችው ካርቱም ወደ በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሰው ስለሚመጡ አንባቢ ስማቸውን ይያዝ።

በእነዚያ ሆቴሎች በረንዳ ላይ የሚቀመጠው መንገደኛ ነጭ ነበር። ጥቁሩ ሻንጣ ይሸከማል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ሻይ ያቀርባል። ስለዚህ የአፍሪካ ትራንዚት አዳር ከመነሻው የቀለም ድንበር ነበረበት ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ በሁለት በኩል ተለወጠ። አንደኛው ፍጥነት ነው። በሜይ 2 ቀን 1952 ዓ.ም. ኮሜት የተባለው የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ከለንደን ተነሥቶ በሮም፣ በቤይሩት፣ በካርቱም፣ በኢንቴቤና በሊቪንግስተን እያረፈ 24 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጆሐንስበርግ ደረሰ። የ11 ቀኑ ጉዞ አንድ ቀን ሆነ። በዚያው ዓመትም በኬምፕተን ፓርክ አጠገብ በጃን ስመትስ ስም የተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ተመሠረተ። ይህ ቦታ በ1994 ዓ.ም. የጆሐንስበርግ ኢንተርናሽናል፣ በኦክቶበር 27 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ የኦሊቨር ታምቦ ስም ተሰጥቶታል።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 1945 ዓ.ም. ተቋቁሞ በአፕሪል 8 ቀን 1946 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ግን አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ የአፍሪካን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኘውን መስመር ከፈተ። ጥቁር አፍሪካዊ ሻንጣ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን የአውሮፕላን አዛዥም የሚሆንበት ዘመን መጣ። ይህ ነገር ምን ያህል እንግዳ እንደነበር ከኔልሰን ማንዴላ የበለጠ የመሰከረ የለም።

በአንድ ቁራጭ ወረቀት የተደረገ ጉዞ

በሻርፕቪል ከተፈጸመው የ1960 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስን (ኤ.ኤን.ሲን) አገደ። በ1961 ዓ.ም. ማንዴላ ከመሬት በታች ገብተው የድርጅቱን የጦር ክንፍ ማቋቋም ጀመሩ። በዚያው ጊዜ ለምሥራቅ፣ ለመካከለኛውና ለደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄ ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ የሚጠራ ግብዣ መጣ። ፓስፖርት የለም፤ የመውጫ ፈቃድም የለም። ማንዴላ በጃንዋሪ 11 ቀን 1962 ዓ.ም. በመኪና ድንበር ተሻግረው በጊዜው ቤችዋናላንድ ትባል ወደነበረችው ቦትስዋና ገቡ።

የጉዞው የመጀመሪያ አዳሮች የሚያስገርሙ ናቸው። በትንሽ አውሮፕላን ካሳኔ ደርሰው በአንድ ጎጆ ባደሩበት ሌሊት ከመስኮታቸው ሥር የሚመስል የአንበሳ ግሣት ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሳቸው። ቀጥሎ ያረፉት በእምቤያ ነበር። ያ የቀድሞው የኢምፔሪያል ኤርዌይስ ማረፊያ አሁን ከአንድ ወር በፊት ነፃ የወጣችው የታንጋኒካ ከተማ ሆኖ ነበር። በሆቴሉ በረንዳ ላይ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ ተቀምጠው ሲያወጉ አዩ። አንድ አፍሪካዊ እንግዳም ነጯን የእንግዳ ተቀባይ በትሕትና ግን በሥልጣን ቃል ስለ እንግዶቹ ጠየቃት፤ መልእክት ሳታደርስ በመቅረቷም ይቅርታ ጠየቀች። ማንዴላ በ1994 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪካቸው እንደገለጹት፣ አፍሪካውያን በሚያስተዳድሩት አገር ውስጥ መሆናቸው በእርግጥ የተሰማቸው ያን ጊዜ ነበር። በፖለቲካ ንግግር ሳይሆን በአንድ የሆቴል አዳር ነፃነትን አዩ።

ታንጋኒካ ለእኚህ ፓስፖርት ለሌላቸው ሰው አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። የደቡብ አፍሪካ ሰው መሆናቸውንና ከታንጋኒካ ወጥተው ለመመለስ እንደተፈቀደላቸው የሚገልጽ ወረቀት ነበር። ካርቱም ሲደርሱ ያችን ወረቀት ለኢሚግሬሽን ሠራተኛው ሰጡ። ሠራተኛው ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበሩ። ወረቀቱን አነበቡ፤ ቀና ብለው ፈገግ አሉ፤ እንደ ልጃቸው ጠርተው እንኳን ደህና መጣህ አሏቸው። በአገራችን ደጅ ላይ «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው ቃል በካርቱም መስኮት ላይ እንደተነገረ መቁጠር ይቻላል።

ከካርቱም ወደ አክራ፣ ከአክራም ከኦሊቨር ታምቦ ጋር ተመልሰው በካርቱም በኩል ወደ አዲስ አበባ አቀኑ። በካርቱም የተሳፈሩበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነበር። ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አዩና ደነገጡ። ጥቁር ሰው አውሮፕላን እንዴት ያበራል የሚል ሐሳብ ለቅጽበት መጣባቸው። ወዲያው ግን ራሳቸውን ገሠጹ፤ አፓርታይድ በእርሳቸው አእምሮ ውስጥ እንኳ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ተገነዘቡ። ለነፃነት ሊሞት የተዘጋጀ ሰው እንኳ የጨቋኙን ዓይን ተውሶ እንደሚያይ የተረዱት በአንድ የበረራ መቀያየሪያ ላይ መሆኑ የሚደንቅ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከፈቱት ጉባኤ ንግግር አደረጉ። ኢትዮጵያም ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጠቻቸው። የገዛ አገራቸው የከለከለቻቸውን ወረቀት ሌላ አፍሪካዊ አገር ሰጠቻቸው ማለት ነው።

የካርቱም ሌሊት

ማንዴላ ሰሜንና ምዕራብ አፍሪካን፣ ለንደንንም ጎብኝተው በጁን 1962 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሥልጠናው የተሰጠው በኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ነበር። የበላይ ኃላፊው ያን ጊዜ ኮሎኔል፣ በኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ነበሩ። ተኩስ፣ ፈንጂ አጠማመድ፣ ረጅም የእግር ጉዞ ተማሩ። ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲፈጅ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ከአገር ቤት «ቶሎ ና» የሚል ጥሪ ደረሳቸውና ተቋረጠ።

ኮሎኔል ታደሰ ወደ ካርቱም የሚሄድ የኢትዮጵያ አውሮፕላን በፍጥነት አዘጋጁላቸው። ሲሰናበቷቸውም አንድ አውቶማቲክ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጧቸው። በአገራችን ልማድ ለሚሄድ ወንድም መሣሪያ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ካርቱም ሲደርሱ ግን ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው። የእንግሊዝ አየር መንገድ ሠራተኛ ቀርቦ ወደ ዳሬሰላም የሚሄደው አውሮፕላን እስከ ማግስቱ እንደማይነሣ ነገራቸው፤ በከተማው ካሉት ጥሩ ሆቴሎች በአንዱም አልጋ እንደተያዘላቸው አበሠራቸው። ለሌላ መንገደኛ ይህ ደስታ ነው። ለማንዴላ ግን ጭንቀት ሆነ። እርሳቸው የሚመርጡት ማንም የማያያቸውን ተራ ማደሪያ ነበር።

መኪናው ከሆቴሉ ደጅ አወረዳቸው። ከፊታቸው ረጅም ያማረ በረንዳ አለ፤ በበረንዳው ላይ በርካታ ነጮች ተቀምጠው ይጠጣሉ። ክፍላቸው ለመድረስ ያን ሁሉ ሰው ማለፍ አለባቸው። ሽጉጡ ከኮታቸው ሥር በማኅደሩ ነው፤ 200ውም ጥይት ከሱሪያቸው ሥር በወገባቸው ዙሪያ ተጠምጥሟል። በመቶ የሚቆጠር ፓውንድ ጥሬ ገንዘብም ይዘዋል። ብረት የሚለይ የፍተሻ መሣሪያ ገና በአውሮፕላን ማረፊያ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባከተመ። ማንዴላ ነጮቹ ሁሉ በልብሳቸው ውስጥ አሳልፈው የሚያዩ እስኪመስላቸው ድረስ ተጨነቁ። ነገር ግን ማንም ልብ አላላቸውም። ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ ምግባቸውንም እዚያው አስመጡ። በኮሪደሩ የሚያልፈው የአስተናጋጅ ኮቴ ሁሉ ያባንናቸው ነበር። ሲነጋ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዱ፤ ያለ አንዳች ችግርም ዳሬሰላም ደረሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ያ ሌሊት በምን ጥቅም ላይ ዋለ? ማንዴላ ከተማ አልጎበኙም፤ ዓባይን ለማየት አልወጡም፤ ከማንም ጋር አልተዋወቁም። በሉ፣ ዝም አሉ፣ ነጋ። ዋጋው የታየው በማግሥቱ ነው። ዳሬሰላም ላይ ወደ ኢትዮጵያ ለሥልጠና የሚጓዙ 21 የጦር ክንፉ ምልምሎች አገኟቸው፤ ወታደራዊ ሰላምታም ሰጧቸው። በገዛ ወታደሮቻቸው ሰላምታ ሲሰጣቸው በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። እርሳቸው ከኢትዮጵያ ሲወርዱ እነዚያ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ ይወጡ ነበር። በካርቱም በረንዳ ላይ አንድ ሰው «ይህ ሰው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያ መገናኘት አይኖርም ነበር።

ማንዴላ ከዳሬሰላም በእምቤያ በኩል ቤችዋናላንድ ገብተው፣ ከዚያ ሌሊቱን በመኪና ሲጓዙ አድረው በጁላይ 24 ቀን 1962 ዓ.ም. በሪቮኒያ የሚገኘው የሊሊስሊፍ እርሻ ደረሱ። ይህ ቦታ ከአይቮሪ ፓርክ ሩቅ አይደለም፤ ከሚድራንድ አልፎ ወደ ሳንድተን አቅጣጫ ነው። ከኢትዮጵያ የተሰጣቸው ሽጉጥ በዚያ ግቢ እንደተቀበረ ይነገራል። ብዙ ተፈልጎ እስካሁን ተገኘ አልተባለም። ማንዴላ በኦገስት 5 ቀን 1962 ዓ.ም. በሃዊክ አጠገብ ተይዘው ለ27 ዓመት ተኩል ታሰሩ። ሽጉጡን የሰጡት ጄኔራል ታደሰ ብሩም በ1975 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ፤ ማንዴላ ሲፈቱ ለማየት አልታደሉም።

ከአዲስ አበባ የተዘጋ ሰማይ

ከዚያች የካርቱም ሌሊት አሥር ወር በኋላ፣ በሜይ 1963 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ጉባኤው ካሳለፋቸው ውሳኔዎች አንዱ አባል አገሮች ወደቦቻቸውንና አውሮፕላን ማረፊያዎቻቸውን ለደቡብ አፍሪካ እንዲዘጉ፣ አውሮፕላኖቿም በሰማያቸው እንዳያልፉ እንዲከለክሉ የሚጠይቅ ነበር። በኦገስት 1963 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ በአህጉሩ መካከል የነበረውን መንገድ አጣ።

በዚህ የተነሣ ወደ አውሮፓ የሚሄደው አውሮፕላን በአትላንቲክ በኩል የአፍሪካን ሆድ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት በነበሩት በሉዋንዳና በሳል ደሴት፣ በስፔን ሥር ባለችው በላስ ፓልማስም እያረፈ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። የጆሐንስበርጉ ነጭ መንገደኛ በውድቅት ሌሊት ነፋስ በሚያፏጭበት በረሃማ ደሴት ላይ ወርዶ ነዳጅ እስኪሞላ ይጠብቃል። ትናንት በረንዳው የእርሱ ነበር፤ ዛሬ በሩ ተዘጋበት። አንድን ሕዝብ እንደ እንግዳ ያልተቀበለ መንግሥት ራሱም በጎረቤቶቹ ሰማይ እንግዳ መሆን ተከለከለ። ይህ ዙሪያ ጥምጥም ጉዞ አፓርታይድ እስኪያከትም ድረስ ቆየ።

ማንዴላ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ዓ.ም. ተፈቱ። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ላይ አዲስ አበባ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ስማቸው ሞትሳማዪ አልነበረም።

ወደ ደቡብ የወረደው ወገን

ታሪክ ዞሮ የሚመጣበት መንገድ ይገርማል። በ1962 ዓ.ም. ነፃነትና ሥልጠና ፈልጎ ወደ ሰሜን የሚሄደው ደቡብ አፍሪካዊው ነበር። ከ1994 ዓ.ም. በኋላ ግን እንጀራና ሰላም ፍለጋ ወደ ደቡብ የሚወርደው ኢትዮጵያዊው ሆነ። በከተማው መሃል በጄፒ ጎዳና ሕንፃዎች፣ ከዚያም በየሎኬሽኑ ሱቅ ከፈተ። አይቮሪ ፓርክ ራሷ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቴምቢሳና በአሌክሳንድራ ቤት ያጡ ሰዎች የሰፈሩባት መንደር ናት። መጠለያ ፍለጋ የመጣ ሕዝብ መካከል መጠለያ ፍለጋ የመጣ ሌላ ሕዝብ ገባ ማለት ነው።

ከዚህ ወገን ስንቱ በአውሮፕላን መጣ? በአየር መጥቶ የትራንዚት አዳሩን በሆቴል ያሳለፈ አለ። ሌላው ግን በሞያሌ፣ በናይሮቢ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል በደላላ እጅ ነው የመጣው። የእርሱ ማደሪያ ጫካ፣ መጋዘን፣ የጭነት መኪና ሆድ ነበር። ማንዴላ ነፃነትን ያዩባት እምቤያ ዛሬ በዚሁ የደላላ መንገድ ላይ ትገኛለች። በጁን 2012 ዓ.ም. በታንዛኒያ ዶዶማ ክፍለ ሀገር ከ40 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በማርች 2020 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ሲገኙ 14 ብቻ በሕይወት ወጡ። እነዚህም በሁለት አገር መካከል ያደሩ መንገደኞች ነበሩ። «የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚሉበት ደጅ ግን አላገኙም።

ስለዚህ ዛሬ በቦሌ ወይም በኦሊቨር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሌሊቱ አልነጋ ያለው መንገደኛ አንድ ነገር ማሰብ አለበት። በእጁ ያለው ትኬትና ወረቀት ስንቱ ያላገኘው ሀብት ነው።

ሌሊቱን ላለማባከን

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ሦስት ነገር ነው፤ ወረቀት፣ ሰውና ዕረፍት።

ወረቀት፦ ማንዴላን በካርቱም መስኮት ያሳለፋቸው አንድ ወረቀት ነው። ዛሬም ወረቀቱ የሚጣራው ከመነሣት በፊት እንጂ ሻንጣ ከተመዘነ በኋላ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የሚሰጠው የጥገኝነት ጠያቂ ፐርሚት የመኖሪያ እንጂ የጉዞ ወረቀት አይደለም። በእርሱ ተማምኖ ከአገር የወጣ ሰው መመለሻ ሊያጣ ይችላል። ሙሉ የስደተኝነት መብት ያገኘ ሰው የሚጓዘው በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው፤ ያም ቢሆን ወደ ሸሸው አገር ለመመለሻ የተሰጠ አይደለም። ሌላው የሚረሳው ቢጫ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለተመደበች፣ ደቡብ አፍሪካ ከዚያ የሚመጣን ብቻ ሳይሆን በእንደዚህ ያለ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ከ12 ሰዓት በላይ በትራንዚት የቆየን መንገደኛም የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ዕድሜው አንድ ዓመት የሞላ ሕፃንም ይህ ይመለከተዋል። አንድ አዳር 12 ሰዓት በቀላሉ ያልፋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱን ግን አለመጣል ነው።

ሰው፦ «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ይባላል። በእምቤያ የሚጠይቅላቸው፣ በአዲስ አበባ የሚሸኛቸው፣ በድንበር መኪና ይዞ የሚጠብቃቸው ሰው ባይኖር የማንዴላ ጉዞ ባልተሳካ። ዛሬም በጆሐንስበርግ ሌሊት የሚያርፍ ዘመድ ያለው ሰው አስቀድሞ የሚታወቅ ሾፌር ይያዝለት። ከጁን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ማረፊያውን ከሳንድተን የሚያገናኘው ፈጣኑ የጋውትሬን ባቡር ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። በር ላይ የሚያባብል ያልታወቀ ታክሲ ለእንግዳ አይመከርም። መንገደኛው ሲነሣም ሲያርፍም ለሁለት ሰው ይደውል፤ ለሚሸኘውና ለሚቀበለው።

ዕረፍት፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቦሌ ከ8 ሰዓት በላይ ከ24 ሰዓት በታች ለሚቆይና ቀድሞ የሚያገናኝ በረራ ለሌለው መንገደኛ ሆቴል የሚሰጥበት አሠራር አለው። ይህን ትኬት ሲቆረጥ መጠየቅና ማረጋገጥ ይገባል፤ ሳይጠይቅ ወንበር ላይ ያደረ ብዙ ነው። በ2019 ዓ.ም. የተከፈተው የአየር መንገዱ ስካይላይት ሆቴል ከማረፊያው አጠገብ ነው። ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ከከተማ ጉብኝት ይልቅ ገላ መታጠብ፣ ትኩስ ምግብና አራት ሰዓት እንቅልፍ ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ጆሐንስበርግ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል በረራ ነው፤ ቀሪውን ጉልበት ለደረሱበት ቀን ማቆየት ብልኅነት ነው። ጤና ያለው፣ መግቢያ ወረቀቱ የተሟላና ሰፊ ሰዓት ያለው ግን ዘመድ ሊጠይቅ ይችላል። ስንት ዓመት የተለያየ እናትና ልጅ በአንዲት የትራንዚት ሌሊት ቡና ጠጥቶ ተሳስሞ ተለያይቷል። ለእነርሱ ያ ሌሊት ከአንድ ወር ዕረፍት ይበልጣል።

በመካከላችን ግን ቦሌ አርፎ ከበሩ መውጣት የማይችል ወገንም አለ። ብዕሩ ወይም አቋሙ ያሰደደው፣ ዛሬ በሌላ አገር ሰነድ የሚጓዝ፣ የከተማውን መብራት በመስታወት ብቻ አይቶ የሚያልፍ። ለእንደዚህ ያለው ሰው የትራንዚት አዳር በገዛ ደጁ እንግዳ መሆን ነው። ይህን ሊያቃልል የሚችል ምክር የለም። የሚያጽናናው አንድ ነገር ግን ታሪክ ነው። በ1962 ዓ.ም. በሐሰት ስም፣ በተውሶ ፓስፖርት፣ ጥይት በወገቡ ታጥቆ በካርቱም ያደረው ሰው በ1994 ዓ.ም. የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆኗል። አብረውት በካርቱም ያለፉት ስደተኛ ጓደኛው ስምም ዛሬ ከኬምፕተን ፓርክ ማረፊያ በር ላይ ተጽፎ ይነበባል። በየቀኑ ሺህ መንገደኛ በዚያ ስም ሥር ገብቶ ይወጣል፤ ብዙው ስሙ የማን እንደሆነ ሳያስበው ያልፋል።

በዚያ በር ዘመድ ልትቀበሉ የምትሄዱ ወገኖች ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው። ይህች አገር ነፃ እንድትወጣ ኮልፌ ያሠለጠነችው፣ አዲስ አበባ ፓስፖርት የሰጠችው፣ ካርቱም አንድ ሌሊት ያሳደረችው ሰው ነበር። እንግዳን ማሳደር ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ ለሚያውቀው አይጠፋም። ለመንገደኛ ሁሉ መልካም አዳር፤ በሰላም ያግባው።